የማትቀመጠው ሮማነወርቅ እና የገመዱ ሰርግ

በየሐበሻው ሰርግ ላይ አንድ የማይቀመጥ ሰው አለ። ባንዱ ሊያረፍድ፣ ኬኩ መንገድ ላይ ሊደፋ፣ ሙሽራው ራሱ ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል፤ ያ ሰው ግን አይቀርም። ወንበር ስትስብለት "እኔማ አልቀመጥም፣ መሄዴ ነው" ይልሃል። ከዚያ አይሄድም፣ አይቀመጥምም። የማን እንደሆነ የማይታወቅ የመኪና ቁልፍ ጣቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሀል ሸጉጦ፣ በጠረጴዛዎቹ መካከል ሲመላለስ ያመሻል። ምግቡን የሚያስቀርበው እሱ ነው፤ ምግቡ ሲያልቅም የሚወቀሰው እሱ ነው። ሲበላ ግን ማንም አይቶት አያውቅም።

ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ፣ ቤይ ኤሪያ በሚባለው የአሜሪካ አገር ይህንን ሥልጣን የያዙት ክብርት ወይዘሮ ሮማነወርቅ ናቸው። ማንም አልሾማቸውም፤ ስለዚህ ማንም ሊሽራቸው አይችልም። ቀን ቀን ፕሌዘንተን ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ካፌቴሪያ ያስተዳድራሉ። ከሥራ ሲወጡ ደግሞ ሰው ይድራሉ። የመኪናቸው የኋላ ዕቃ መጫኛ ሲከፈት ታጣፊ ወንበር፣ ኤክስቴንሽን፣ መርፌና ክር፣ መለዋወጫ ነጠላ፣ ሦስት ዓይነት ከረባትና አንድ የግራ እግር ነጭ ጫማ ይታያል። የጫማው ታሪክ አንድ ሙሽራ ያለቀሰችበት ስለሆነ እዚህ አይነሳም።

አፕታውን ኦክላንድ በተደረገ አንድ ሰርግ ላይ ፊውዝ ተቃጥሎ አዳራሹ ሲጨልም፣ መብራት እስኪመጣ ድረስ የመኪኖችን መብራት በመስኮት አስገብተው ሙሽሮቹን ያስጨፈሩ እሳቸው ናቸው። ሌላ ጊዜ ሚዜው ሆዱን ታሞ ቀረ። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ከእንግዶቹ መሀል ቁመቱ የሚመጥን አንድ ልጅ መርጠው ኮት አለበሱት፤ ልጁ የሙሽራውን ስም ያወቀው ፎቶ ሲነሱ ነው። በመላው ቤይ ኤሪያ በየሳሎኑ ባለው የሰርግ ቪዲዮ ውስጥ የእሳቸው ጀርባ አለ። ቀለበት ሲጠለቅ ከኋላ አንድ ጀርባ ወደ በሩ ይሮጣል። ኬክ ሲቆረስ ያው ጀርባ ወንበር ተሸክሞ ያልፋል። ፊታቸው ግን በአንዱም ቪዲዮ ላይ የለም።

ከዚህ በኋላ አንቱታውን እንተወው። ይህንን ታሪክ የምናየው በሳህሌ በኩል ነው፤ ሳህሌ ደግሞ ከካርቱም የስደት ዘመን ጀምሮ የሚያውቃት ሮማን ብሎ ነው። ሳህሌ የሳን ሆዜ ኤርፖርት ቫን ሹፌር ነው፤ እንጀራው መቀመጥ ነው። ተቀምጦ ይነዳል፣ ተቀምጦ ተሳፋሪ ይጠብቃል፣ ሚስቱ አስካለ ካረፈች ወዲህ ደግሞ ማታ ማታ ሶፋው ላይ ብቻውን ተቀምጦ ዜና ያያል። "ሮማንን አይቼ ስገባ እኔን ጉልበቴን ያመኛል" ይል ነበር። በየሳምንቱ ደውላ "ሳህሌ፣ ኮል አድርግልኝ ብዬህ አልነበር?" ስትለው ሬድዮ ከፍ ያደርግና ኔትወርክ የለም ይላታል።

የዮርዲ ጉዳይ የመጣው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት በጋ ላይ ነው። ዮርዲ የሳህሌ አንድ ልጅ ናት። ሳንታ ክላራ ውስጥ ኮምፒውተር ቤት ትሠራለች፤ አማርኛ ሁሉንም ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ኮሊን የሚባል፣ ብስክሌት የሚጠግን፣ ጢሙ ቀይ የሆነ ዝምተኛ የኦክላንድ ልጅ ወዳለች። ልጁን ሳህሌ አልጠላውም። አንድ እሑድ ግን ዮርዲ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስለ ሰርጉ ነገረችው።

"ሃንድፋስቲንግ ይባላል አባ" አለችው። የኮሊን ቤተሰብ ከአያቱ ጀምሮ ምድርንና ወቅቶችን የሚያከብር የጥንት እምነት አላቸው። ሙሽሮቹ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፤ ካህኗ እጃቸው ላይ ገመድ ትጠመጥማለች፣ ትቋጥራለች፤ ተጋቡ ማለት ነው። አዎ፣ ካህኗ ሴት ናት። ሎረል ትባላለች።

"አረማዊ ናቸው በይኛ" አለ ሳህሌ።

"ፔገን ይባላል። እኔ ማተቤን አልበጠስኩም አባ።" አንገቷ ላይ ያለውን ክር አወጣችና አሳየችው።

የሰፈሩ ሰው ይህንን ሲሰማ ሳህሌ በሃይማኖቱ ተነሥቶ ቤቱን ቀውጢ ያደርገዋል ብሎ ነበር። በልቡ ማርያምን መጥራቱ አልቀረም። ከአፉ የወጣው የመጀመሪያ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦

"መንግሥት ያውቀዋል?"

ይህንን ለምን እንደጠየቀ ዮርዲ ታውቃለች። ሳህሌና አስካለ የተጋቡት ካርቱም፣ በኪራይ ግቢ ውስጥ ነው። ያጋቧቸው አባ ኃይለየሱስ ቀን ሬድዮ እየጠገኑ የሚኖሩ ስደተኛ ቄስ ነበሩ። ወረቀት የሚባል ነገር አልተጻፈም። የሳህሌ የአሜሪካ ፎርም ደግሞ ከሰርጉ በፊት የገባ ስለነበር "ያላገባ" ይላል። ተራው ሲደርስ ብቻውን ሄደ፤ እሷን በወራት ውስጥ አስመጣታለሁ ብሎ። "ሚስትህ ለመሆኗ ማስረጃ አምጣ" ተባለ። ፎቶው ፀሐይ ገብቶበት ተበላሽቷል፤ አባ ኃይለየሱስ የት አገር እንደሄዱ አይታወቅም። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ሚስቱን ሚስቴ ናት ብሎ ማስረዳት አቃተው። በመጨረሻ ከእሱ በኋላ ኦክላንድ የገባች አንዲት ሴት ቀኝ እጇን አንሥታ "በሰርጋቸው ላይ ነበርኩ፤ ሲጋቡ በዓይኔ አይቻለሁ" ብላ ምላ ፈረመች። አስካለ በዚያ ቃል መጣች። ሴትዮዋ ሮማነወርቅ ናት።

"ሎረል ትፈርማለች፣ ሌጋል ነው" አለች ዮርዲ።

"እሷንስ ማን ያውቃታል? ነገ አንዱ ተነሥቶ ይቺ ካህን አይደለችም ቢልሽስ?"

"አባ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው፦ የእማን ነጠላ። ካርቱም የለበሰችውን። እጃችን በእሱ እንዲታሰር፣ ያንተም እጅ እንዲቋጥረው ነው የምፈልገው።"

ነጠላው መኝታ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ አለ። ሳህሌ እስኪደክመው ድረስ ወደዚያ በር ተመለከተ።

"መንግሥት ለማያውቀው ሰርግ የአስካለን ነጠላ አልሰጥም" አለ። "እኔም አልመጣም።"

ዮርዲ ከቤት ወጥታ መኪናዋ ውስጥ ሆና የደወለችው ለማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። "ኦንቲ ሮማን" ከማለቷ ከወዲያ ማዶ ያ በየሰርጉ የታወቀ አዋጇ ተሰማ፦ "ለእኔ ተዉት!"

በማግሥቱ ሮማን ኦክላንድ፣ ጋብቻ የሚመዘግበው የካውንቲው አስተዳደር ቢሮ ደረሰች። ተራ ቁጥር ሰጥተው ተቀመጪ ቢሏት እንደ ልማዷ መሄዴ ነው ብላ፣ ሰው ሁሉ እስኪስተናገድ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ የሎረልን ማህተም ጠየቀች። የካህንነት ማህተም፣ ክብ የሆነ፣ መሀሉ ላይ ሥዕል ያለው። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ በትዕግሥት አስረዳቻት፦ እዚህ አገር የካህናት መዝገብ የሚባል የለም። ሙሽሮቹ አስቀድመው የጋብቻ ፈቃድ ያወጣሉ። በሰርጉ ቀን የእምነቱ ሰዎች የፈቀዱለት አጋቢ ይፈርማል፤ ሰርጉን ያየ ምስክር ይፈርማል፤ ወረቀቱ በአሥር ቀን ውስጥ ይመለሳል። አለቀ።

ሮማን ኤርፖርት ተሳፋሪ እየጠበቀ ላለው ሳህሌ ደወለች።

"ሳህሌ፣ ማህተም የላቸውም።"

"አላልኩም?"

"ቆይ ስማኝ። ማንም የለውም። የኛም ቄስ የላቸውም።"

"የኛ ቄስ መስቀል አላቸው።"

"መስቀሉን ካውንቲው መዝግቦታል እንዴ?"

ሳህሌ ሬድዮውን ከፍ አደረገ። "ኔትወርክ የለም" አለ።

ሮማን እንዲህ በቀላሉ የምትመለስ ብትሆን ኖሮ ግማሹ ቤይ ኤሪያ ላጤ ነበር። ወንዱ ወገን ሽማግሌ ያልላከበት ሰርግ ምን ሰርግ ነው ብላ፣ ለኮሊን ሽማግሌ ልትሰበስብ ተነሣች። የመጀመሪያው ሽማግሌ የኮሊን አያት ሚስተር ዋልተር ሆነ፤ ሰማንያን ያለፈ፣ ሁለቱም ጉልበቱ በብረት የተተካ የድሮ አናጢ ነው። ሁለተኛዋ ራሷ ሎረል ናት። ሦስተኛው ደንቡን የሚያውቅ ሰው መሆን ስላለበት ሙጠሊብን መረጠች። ሙጠሊብ የደሴ ሰው፣ የሳህሌ የሥራ ባልደረባና የልብ ጓደኛ ነው፤ ኤርፖርት ሁልጊዜ አጠገብ ለአጠገብ መኪና አቁመው ይጨዋወታሉ። አንድ እስላም፣ ሁለት ፔገን፤ አሰባሳቢያቸው ኦርቶዶክስ። እንዲህ ያለ ሽማግሌ ከዚያ በፊት ተልኮ እንደሆነ አይታወቅም።

ሮማን ደንቡን ስታስተምራቸው ግን ቸኩላ ግማሹን ብቻ ነገረቻቸው። ሽማግሌ የሄደበት ቤት "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብሎ በሩ ላይ ይቆማል፤ ባለቤቱ "ጉዳያችሁ ይሰማል፣ ተቀመጡ" ሲል ይቀመጣል። በቃ፣ ይኸው ነው። የመቀመጡ ክፍል ለሮማን ድሮም አይታያትም። "ሰውየው እሺ ልጄን ሰጥቻለሁ እስኪል ድረስ፣ ምንም ቢል፣ ቢያለቅስም እንኳ እንዳትቀመጡ" ብላ አስማለቻቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት በር ተንኳኳ። ሳህሌ ሲከፍት ሙጠሊብ ሙሉ ልብስ ለብሶ ቆሟል፤ ከኋላው ዋልተርና ሎረል፣ ከእነሱም ኋላ ሮማን አሉ።

"አንተ ደግሞ ከማን ወገን ነህ?" አለው።

"ዛሬ አላውቅህም" አለ ሙጠሊብ ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ አብረውት የመጡት እንዲሰሙ በእንግሊዝኛ። "ከሩቅ አገር የመጣን ሰዎች ነን።"

"ከኦክላንድ፣ በኤይት ኤይቲ አውራ ጎዳና" አለ ሚስተር ዋልተር ሊረዳው ብሎ።

ገቡ፤ ቆሙ። ሳህሌ ተቀመጡ አለ። አልተቀመጡም። ጉዳያችሁ ምንድነው አለ፤ ሙጠሊብ አሳምሮ ተናገረ፤ ሳህሌ "ሰምቻለሁ፣ ተቀመጡ" አለ። ሦስቱም ወጥ ቤቱ በር ላይ ወደቆመችው ወደ ሮማን ተመለከቱ። ሮማን በግንባሯ አይሆንም አለች። የዋልተር ጉልበት ይንቀጠቀጥ ጀመር። ዓይኑ ከሶፋው ላይ አልነሣ አለ።

"አባት፣ እባክዎ ይቀመጡ!" አለ ሳህሌ ላብ እያጠመቀው። ሽማግሌ ሰው በቤቱ ቆሞ ማየት ለእሱ ነውር ነው።

"ይቅርታ፣ አልተፈቀደልኝም" አለ ዋልተር።

ሳህሌ ተናደደ። በኋላ እንደተናገረው የተናደደው በሮማን ነው፤ እንግዶቹ ግን ምን ያውቃሉ? "እንግዲህ ቤተሰብ ይምከርበት። በሳምንቱ ተመለሱ" አለ ደንቡ እንደሚፈቅደው። ቤተሰብ የተባለው እሱ ብቻ ነበር። እነሱም ውሃ ሳይቀምሱ እንደቆሙ ወጡ፤ ሽማግሌው የመኪናውን በር ተደግፎ እግሩን በእጁ እያነሣ ሲገባ ሳህሌ በመስኮት አየው።

ያን ሳምንት ሳህሌ መቀመጥ አቃተው። ቫኑ ውስጥ ይወዛወዛል፣ ወርዶ ጎማ ይረግጣል፣ ይመለሳል። ሙጠሊብ አጠገቡ አቁሞ "አብሽር፣ ምን ሆነሃል?" ሲለው "ዛሬ አላውቅህም" ይለዋል። ማታ ሶፋው ላይ ሲቀመጥ ሽማግሌው ፊቱ ይመጣበታል፤ ይነሣል፣ ቁም ሣጥኑን ይከፍታል፣ ጋዜጣውን ሳይፈታ ይዘጋዋል። ዮርዲ አትደውልም። አንድ ልጁን ሊያጣ እንደሆነ ገባው፤ ደግሞ በሌላ በኩል መንግሥት የማያውቀው ትዳር ምን እንደሚያደርግ በገላው ያውቃል። ሁለቱም ያስፈራው ነበር።

በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ መጡ። ዋልተር በዚህኛው ጊዜ ከዘራ ይዟል። ዮርዲንም በደንቡ መሠረት ሮማን መኝታ ቤት ደብቃታለች፤ በሩ ግን ገርበብ ብሎ ጥላዋ ይታያል። ሳህሌ ሙጠሊብን አልፎ በቀጥታ ሎረልን በእንግሊዝኛ ጠየቀ። ሎረል ስድሳ የሚሆናት፣ ሰፊ፣ ፀጉሯን በእርሳስ የጠቀለለች የትምህርት ቤት ነርስ ናት።

"ማን ነው የሾመሽ?"

"ሰዎቼ" አለች። "ብዙ ዓመት አስተማሩኝ፣ ከዚያ ነይ አሉኝ። ሲወልዱ ይጠሩኛል፣ ሲጋቡ ይጠሩኛል፣ ሲሞቱ ይጠሩኛል።"

"ማህተምሽስ?"

"የለኝም። ስሜን ነው የምፈርመው። ከዋሸሁ የሚጠየቀው ስሜ ነው።" ቀጥላም "እርስዎንስ ማን አጋባዎት?" አለችው።

ሳህሌ ነገራት። ሬድዮ ጠጋኙን ቄስ፣ የተውሶ ካባቸውን፣ ከካርቶን ተቆርጦ በወርቅ ወረቀት የተለበጠውን አክሊል። ሲናገር ድምፁ እየላላ መጣ።

"ማህተም ነበራቸው?"

"አልነበራቸውም።"

"ታዲያ መጋባታችሁ በምን ታመነ?"

ሳህሌ ዞር አለ። ሮማን እንደተለመደው ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች፣ ቁልፉ ጣቷ ላይ ነው።

"እሷ አይቻለሁ አለች" አለ። "እሷ አይቻለሁ ስላለች ነው ሚስቴን ያገኘሁት።"

የሮማን ቁልፍ መሬት ወደቀ። ማንም ልብ አላለውም፤ ሳህሌ ግን ልብ ብሏል።

"ልጄን ሰጥቻለሁ" አለ። "አሁን በማርያም ተቀመጡልኝ!"

ዋልተር ሶፋው ላይ ሲያርፍ ያወጣው ትንፋሽ ለጎረቤት ተሰምቷል። ሙጠሊብ እጁን ዘርግቶ የወሎ ምርቃት ያወርደው ጀመር፤ ሎረል ምን እንደተባለ ሳይገባት በየመሀሉ አሜን ትላለች። ዮርዲ ከመኝታ ቤት ሮጣ ወጥታ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ሳህሌ አንድ ነገር ብቻ ጨመረ።

"ምስክር ሆና የምትፈርመው ሮማን ትሁን። የሷን ቃል መንግሥት አንዴ አምኖታል።"

በዚህን ጊዜ በቤይ ኤሪያ ታሪክ ያልታየ ነገር ሆነ። ሮማነወርቅ "ለሌላ ሰው ተዉት" አለች። የዚያን ቀን ሥራ ይበዛብኛል፣ ፓርኪንጉን ማን ያየዋል፣ ሙጠሊብ ይፈርም፣ እጄ ያመኛል፣ ዓይኔም ደክሟል አለች። ሳህሌ አልሰማትም፤ ኔትወርክ የለም አላት።

ሰርጉ በጥቅምት፣ ኦክላንድ ተራራው ላይ፣ ትልልቆቹ የሬድዉድ ዛፎች መሀል ሆነ። ሎረልና ሰዎቿ መሬቱ ላይ በአበባ ትልቅ ክብ ሠርተዋል። ክቡን ማቋረጥ ነውር ነው፤ መግባት ካስፈለገ በፀሐይ መንገድ፣ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ዞሮ፣ በመግቢያው በኩል ነው። እንግዲህ ሮማንን አስቧት። ወንበር ይዛ ትመጣለች፣ "ዞረሽ" ይሏታል፣ ትዞራለች። ውሃ ረስታ ትወጣለች፣ ዞራ ትመለሳለች። ሐበሻው መንገድ እንዳይጠፋው ዛፍ ሁሉ ላይ የወረቀት ቀስት ለጥፋለች፤ የፓርኩ ጠባቂ አንሺ ሲላት ሁለት ወንበር አሸክማው ዞረች። ሳህሌ የአስካለን ነጠላ ክንዱ ላይ አድርጎ ፊት ረድፍ አጠገብ ቆሞ ያያታል። ዛሬ አሯሯጧ ሌላ ነው። ከሥራ ይልቅ ከአንድ ነገር የምትሸሽ ትመስላለች።

ሙሽሮቹ ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው ዞራ ዞራ እሱ ጋ ደረሰች።

"ሳህሌ፣ አንድ ነገር ልንገርህ።"

"ቁጭ ብለሽ ንገሪኝ።"

"ቁጭ ተብሎ የሚነገር አይደለም። ካርቱም… ቀለበት ስታጠልቁ እኔ አልነበርኩም። በረዶው በሙቀቱ ቀልጦብን ሌላ ልገዛ ገበያ ሄጄ ነበር። ስመለስ እልልታውን ከአጥር ውጭ ሰማሁ እንጂ አላየሁም። በዓይኔ አይቻለሁ ብዬ የማልኩት… አላየሁም ሳህሌ። ይኸው እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። ዛሬ ደግሞ ለልጅህ እንደገና…"

"አውቃለሁ" አለ ሳህሌ።

"ምኑን?"

"በረዶውን ተሸክመሽ፣ ቀሚስሽ እስከ ጉልበትሽ ረጥቦ ስትገቢ እኔ አይቼሻለሁ። ሥርዓቱ አልቆ ነበር። አስካለም አይታሻለች። እዚህ መጥታ የፈረምሽውን ሳነብላት በሳቅ ሞተች። 'ሮማን የሰርጋችንን ነገር ሁሉ አይታለች፣ ሰርጋችንን ብቻ ነው ያላየችው' ስትል ኖረች።"

"ታዲያ ምነው ዝም አላችሁኝ?" አለች ሮማን።

"ምን እንበልሽ? ሰርጉን ያበሰልሽው አንቺ። ግቢውን የጠረግሽው አንቺ። ሚስቴን ያመጣሽልኝ አንቺ። እህቴ ነሽ እኮ ሮማን።" ይህንን ብሏት አያውቅም ነበር። ሲላት ራሱም ደነገጠ።

ፊት ረድፍ ላይ ያለውን ወንበር በእግሩ ወደ እሷ ገፋው። ሮማን ወንበሩን አየችው፣ ፓርኪንጉን አየችው፣ ወንበሩን አየችው። ከዚያ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ዚፑን ዘጋች።

"ይሄኛውን ግን አይቼ ነው የምፈርመው" ብላ ተቀመጠች።

ከኋላ ያለው ሐበሻ ተንሾካሾከ። አንዲት ሴት አሟት ይሆን ብላ ውሃ ላከችላት።

ዮርዲና ኮሊን በፀሐይ መንገድ ዞረው ገቡ። ሎረል ትወጂዋለሽ ወይ፣ ትወዳታለህ ወይ፣ ባልና ሚስት ለመሆን ወዳችሁ ፈቅዳችሁ ነው ወይ አለች፤ ሁለቱም ጮክ ብለው አዎ አሉ። እጃቸውን አያያዙ። የዋልተር ቤተሰብ አረንጓዴ ገመድ ተጠመጠመ። ከዚያ ሎረል ወደ ሳህሌ ተመለከተች፤ ሳህሌ ነጠላውን ይዞ ገባ። ልክ ጥለቱን በልጁ አንጓ ላይ ሲያዞር ከፓርኪንጉ በኩል የመኪና ጩኸት ተነሣ።

ሰው ሁሉ ወደ ሮማን ዞረ። ሎረል ሳይቀር፣ ቪዲዮ የሚቀርጸውም ሳይቀር። ሮማን ገና በመጀመሪያው ጩኸት አውቃዋለች፤ የራሷ መኪና ነው፤ ቁልፍ በሩ ላይ ገብቶ ካልዞረ ዝም የማይል አሮጌ። ኬኩ ደግሞ ውስጡ ነው። ወገቧ ከወንበሩ ተነሣ፣ እጇ ወደ ቦርሳዋ ሄደ፣ ዚፑን ያዘ። ሳህሌ ነጠላውን እንደያዘ እጁን አቆመ። ዮርዲም ከእጇ ላይ ዓይኗን አንሥታ አየቻት።

"ይጩኽ!" አለች ሮማን። "ቋጥረው!"

ተመልሳም ተቀመጠች። መኪናው ተራራውን ሙሉ እያስተጋባ ሲጮህ፣ ሳህሌ የአስካለን ነጠላ በልጁና በኮሊን እጅ ላይ ቋጠረ። ሮማን አላጨበጨበችም፣ እልልም አላለችም። ዝም ብላ ዓይኗን ሳትነቅል ታያለች፤ እንባዋ ይወርዳል፣ አትጠርገውም። ሎረል ወረቀቱን አምጥታ ፈረመች፤ ከዚያ ብዕሩን ለሮማን ሰጠቻት። ሮማን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በጣም ቀስ ብላ፣ ስሟን እስከ አባቷ ጻፈች። ወረቀቱም በቀኑ ተመልሶ ካውንቲው መዝግቦታል፤ ሳህሌ ሦስት ጊዜ ደውሎ አረጋግጧል።

መኪናውን ማን ዝም አሰኘው? ሳህሌ ነው። ቁልፉን ከቦርሳዋ ወስዶ፣ "ለእኔ ተዪው" ብሎ፣ ክቡን ዞሮ ሮጠ። ኬኩ በአንድ ጎኑ ተደርምሶ አገኘው፤ በማንኪያ አስተካክሎ አመጣው።

የሰርጉ ቪዲዮ ሳን ሆዜ፣ ሳህሌ ሳሎን ነው ያለው። ሮማን በየሳምንቱ ስትደውል አሁን ያነሣላታል፤ ቤት ስትመጣ ግን አሁንም "አልቀመጥም፣ መሄዴ ነው" ብላ ሁለት ሰዓት በሩ ላይ ትቆማለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሳህሌ ቪዲዮውን ይከፍትና መኪናው እየጮኸ ነጠላው የሚቋጠርበት ቦታ ላይ ያቆመዋል። በዚያ ቦታ የሮማነወርቅ ፊት ስክሪኑን ሞልቶ፣ እንባዋ በጉንጯ ላይ፣ ትክክል ወደ ፊት ትመለከታለች። እንግዳው ሙሽራዋን ለማየት ሲቸኩል ሳህሌ ሪሞቱን ጭኑ ላይ ያስቀምጠዋል።

"ቆይ፣ መጀመሪያ ምስክሯን እይልኝ" ይላል።